«በምን ፊቴ?»፦ ይሉኝታና የኮሜዲ ቅርጽ «ሴቪንግ ፌስ» በተሰኘው ፊልም

1. መግቢያ

ስለ ተውኔት በምናስተምርበትና በምንማርበት ጊዜ ኮሜዲ የትራጄዲ ታናሽ ወንድም ሆኖ ይቀርባል። ለዚህ አንዱ ምክንያት አርስቶትል ስለ ኮሜዲ ጽፎታል ተብሎ የሚታመነው ክፍል ለትውልድ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ጠንካራው ምክንያት ግን የራሳችን ልማድ ነው። የሚያስለቅሰውን ሥራ «ጥልቅ»፣ የሚያስቀውን «ቀላል» ብለን መፈረጅ ይቀናናል። መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» በተባሉት ተውኔቶቹ ኮሜዲን የጋብቻ ልማድና የኑሮ ደረጃ መመርመሪያ እንዳደረገው እያወቅን እንኳ፣ ስለ ሣቅ አሠራር የምንጽፈው ስለ ሐዘን አሠራር ከምንጽፈው ያነሰ ነው።

ይህ ጽሑፍ አንድ ኮሜዲ መርጦ ለመመርመር ይሞክራል። ፊልሙ «ሴቪንግ ፌስ» ይባላል። ጽፋ ያዘጋጀችው ወላጆቿ ከታይዋን የመጡ ትውልደ ቻይናዊት አሜሪካዊት አሊስ ዉ ስትሆን፣ ሥራው የመጀመሪያ ፊልሟ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ታይቶ፣ በ2005 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ቀርቧል። ታሪኩ በኒውዮርክ ከተማ ውስጥ የሁለት ወጣት ሴቶችን መዋደድና፣ ጎን ለጎን ደግሞ የአንደኛዋን ልጅ እናት ያልታሰበ እርግዝና ይተርካል።

የፊልሙ ጉዳይ በኅብረተሰባችን ውስጥ በግልጽ የማይነሣ፣ በአገራችን የወንጀል ሕግም የተከለከለን ነገር የሚመለከት ነው። አንባቢ በዚህ ላይ የየራሱ አቋም ይኖረዋል። የሒስ ተግባር ግን አንድ ሥራ እንዴት እንደተሠራና በአሠራሩ ምን እንደሚል መመርመር ነው። «ነውር ነው» ብሎ ማለፍ እና «ደፋር ነው» ብሎ ማሞገስ የማይገናኙ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሥራውን ከማንበብ ያድናሉ። ከዚህም በላይ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ዝም ማለት ፊልሙ የሚመረምረው ጉዳይ ራሱ ነው። ሐያሲው በዚህ ምክንያት ብዕሩን ቢያስቀምጥ፣ ሳያውቀው ከፊልሙ ገጸባሕርያት አንዱ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ የፊልሙ እውነተኛ ጉዳይ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ሁለተኛ፣ ደራሲዋ ይህን ጉዳይ ለማንሣት ኮሜዲን የመረጠችው ለማዝናናት ብላ ብቻ አይደለም። የኮሜዲ ቅርጽ ራሱ ስለ ማኅበረሰብ የሚናገረው ነገር ስላለው ነው።

2. ከሥራው በፊት

ፊልሙን በቦታው ለማስቀመጥ ስለ አነሣሡና ስለ ዘውጉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አሊስ ዉ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተምራ በማይክሮሶፍት ኩባንያ ትሠራ ነበር። ታሪኩን መጀመሪያ በልቦለድ መልክ ጀምራው ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ፊልም ጽሑፍ ለውጣ ሥራዋን በመተው ወደ ኒውዮርክ ሄደች። ገጸባሕርያቱን ነጮች እንድታደርጋቸው ሐሳብ ቢቀርብላትም አልተቀበለችም። ቻይናዊ አሜሪካውያን እንዲሆኑ፣ የሚናገሩትም ማንዳሪን እንዲሆን ጸናች። ፊልሙ በመጨረሻ የተዋናይ ዊል ስሚዝ ኩባንያ ከአዘጋጆቹ አንዱ ሆኖበት በአነስተኛ በጀት ተሠራ።

የዘውጉን ታሪክ ስናይ ደግሞ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የሆሊዉድ ስቱዲዮዎች ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠሩበት የነበረውና በ1968 የተሻረው የምርት ደንብ ይህን መሰል ጉዳይ በፊልም ማሳየትን ይከለክል ነበር። ደንቡ በላላበት በ1961 የወጣው «ዘ ችልድረንስ አወር» ጉዳዩን ሲያነሣ፣ ከሁለቱ መምህራን አንዷ ራሷን እንድትሰቅል አድርጎ ነው። ሴት ሴትን ካፈቀረች መጨረሻው ሞት፣ እብደት ወይም መለያየት ነው የሚል ያልተጻፈ የሴራ ሕግ ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። ይህን መስመር ደረጃ በደረጃ የሰበሩት በአብዛኛው ከታላላቆቹ ስቱዲዮዎች ውጭ በጥቂት ገንዘብ የተሠሩ ፊልሞች ናቸው። የዶና ዳይች «ዴዘርት ሃርትስ» በ1985፣ የሮዝ ትሮሽ «ጎ ፊሽ» በ1994፣ የማሪያ ማጄንቲ «ዘ ኢንክሬዲብሊ ትሩ አድቬንቸር ኦቭ ቱ ገርልስ ኢን ላቭ» በ1995 ይጠቀሳሉ።

ይህ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር በዘር ልዩነት ታግዶ ሲጠፋ፣ መጽሐፉ ከርዕሱ ጀምሮ መጨረሻውን ይነግረናል። ማኅበረሰብ ያልፈቀደው ፍቅር በሥነጽሑፍ ውስጥ መጀመሪያ የሚያገኘው ቦታ መቃብር ነው። በትራጄዲ ውስጥ እናዝንለታለን፤ ስናዝንለት ግን መሞቱን እንቀበላለን። ኮሜዲ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ሲመጣም የሚለው ነገር ከልቅሶው የከበደ ነው፤ «እነዚህ ሰዎች ነገም በሕይወት ይኖራሉ፤ ነገም ጎረቤቶቻችሁ ናቸው» ይላል። እንግዲህ ኮሜዲ ቀላል ዘውግ የሚባለው ከምን አንጻር ነው?

3. ፊት፣ ገመናና ይሉኝታ

ርዕሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ወዲያው ይቸገራል። ቃል በቃል «ፊትን ማዳን» ቢባል ትርጉም አይሰጥም። «ገመናን መሸፈን» ቢባል ይቀርባል፤ ነገር ግን ገመና የተደበቀውን ነገር እንጂ የሚደብቀውን ሰው ስሜት አይገልጽም። የፊልሙ የቻይንኛ ርዕስ በቀጥታ «ፊት» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ሲሆን፣ በቻይናውያን ዘንድ ይህ ቃል አንድ ሰው በሰዎች ፊት ያለውን ክብር ያመለክታል። ይህ ክብር ሊጠፋ፣ ሊሰጥ፣ ሊጠበቅ ይችላል።

አማርኛም ፊትን በዚህ መንገድ ይጠቀምበታል። ሰው ለሰው «ፊት ይሰጣል»፤ «ፊት ይነሣል»። ያፈረ ሰው «በምን ፊቴ አያቸዋለሁ?» ይላል። በነዚህ አነጋገሮች ውስጥ ፊት የባለቤቱ ብቻ አይደለም። የሚሰጠውም የሚነሣውም ሌላ ሰው ነው። በሥነጽሑፍ ትምህርታችን የምንጠቀምበት «ገጸባሕርይ» የሚለው ቃል ራሱ ገጽን ከባሕርይ ጋር ያጣመረ መሆኑ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። የዚህ ፊልም ግጭት በአጭሩ በዚያ ቃል ውስጥ አለ። የሰዎቹ ገጽ አንድ ነገር ይላል፤ ባሕርያቸው ሌላ ነው።

ሆኖም የፊልሙን ጉዳይ ከሁሉ በተሻለ የሚገልጸው ቃላችን «ይሉኝታ» ይመስለኛል። የቃሉ አመሠራረት ራሱ ትንታኔ ነው። «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ነው፤ ባለቤቱ «እነሱ» ሲሆን ተናጋሪው ተደራጊ ነው። እነሱ እነማን ናቸው? ቃሉ አይነግረንም። ስም የላቸውም፤ ቁጥራቸው አይታወቅም፤ ገና ምንም አላሉም። ይላሉ ተብሎ ይፈራል እንጂ። «ፊት» የሚለው አነጋገር ጉዳዩን በዐይን፣ በመታየት ላይ ሲያቆመው፣ «ይሉኝታ» ግን በአፍ ላይ ያቆመዋል። በፊልሙ ውስጥ ደግሞ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው አፍ ነው። የፍላሺንግ ቻይናውያን ባልቴቶች በየሳምንቱ ተሰብስበው ያወራሉ፤ ሰው ያማሉ፤ የማንን ልጅ ከማን ጋር እንደሚያጋቡ ይመክራሉ። ስለዚህ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ርዕስ ይልቅ የፊልሙን አሠራር ይገልጻል ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ ጉድለት ብቻ ተደርጎ አይታይም። «ይሉኝታ ቢስ» ስድብ ነው። ይሉኝታ የሌለው ሰው ለሌላው የማያስብ፣ ራስ ወዳድ ማለት ነው። ፊልሙም ይህን ያውቃል። የማኅበረሰቡን ሐሜት ቢያፌዝበትም ማኅበረሰቡን ጥሎ መሄድን እንደ መፍትሔ አያቀርብም። ጥያቄው «ይሉኝታን እንዴት ልጣል?» የሚል አይደለም። «ሳልዋሽ እንዴት በመካከላቸው ልኑር?» የሚል ነው። ይህ ከመጀመሪያው የከበደ ጥያቄ ነው።

4. ጋሬጣው ሲያፈቅር፦ የሴራው አወቃቀር

ካናዳዊው ሐያሲ ኖርዝሮፕ ፍራይ በ1957 ባሳተመው «አናቶሚ ኦቭ ክሪቲሲዝም» በተሰኘ መጽሐፉ የኮሜዲን ሴራ ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ጀምሮ የሚደጋገም አንድ ቅርጽ አድርጎ ያቀርበዋል። ወጣት ወጣትን ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ወላጅ የሆነ አንድ ጋሬጣ ይከለክለዋል፤ በመጨረሻ በአንድ የሴራ መታጠፊያ ክልከላው ይነሣና በፍቅረኞቹ ዙሪያ አዲስ ማኅበረሰብ ይመሠረታል። ይህም በድግስ ወይም በጭፈራ ይገለጣል።

«ሴቪንግ ፌስ» ይህን ቅርጽ ወስዶ አንድ ትልቅ ለውጥ ያደርግበታል። ዊል የተባለችው ወጣት በማንሃተን የምትሠራ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናት። እናቷ ህዌ-ላን በየሳምንቱ ወደ ፍላሺንግ እየጠራች ከጓደኞቿ ወንዶች ልጆች ጋር ልታስተዋውቃት ትሞክራለች። እስከዚህ እናቲቱ የታወቀችው ጋሬጣ ናት። ዊል በዚያው ስብሰባ ላይ ቪቪያን የተባለች ዳንሰኛ ታያለች። ቪቪያን የዊል የሥራ አለቃ ልጅ ናት፤ ስለዚህ ሁለተኛ ጋሬጣ ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ግን ያልተጠበቀ ነገር ይመጣል። የ48 ዓመቷ ባልቴት ህዌ-ላን አርግዛ ትገኛለች፤ የሕፃኑን አባት ስም አልናገርም ትላለች። ድሮ ፕሮፌሰር የነበሩት አባቷ ቤተሰቡ በመዋረዱ ተቆጥተው፣ ባል እስክታገኝ ድረስ ከቤት ያባርሯታል። መግቢያ ያጣችው እናት የልጇን ጠባብ መኖሪያ ቤት ታንኳኳለች።

በዚህ አንድ እርምጃ ደራሲዋ የኮሜዲን ትውልዳዊ ሰልፍ ታፈርሰዋለች። ጋሬጣዋ ራሷ ምስጢራዊ አፍቃሪ ሆነች። እሷን የሚከለክል ሌላ ጋሬጣ ከበላይዋ አለ፤ የእሷም አባት። እንግዲህ ሦስት ትውልድ በአንድ መስመር ተሰልፎ፣ መካከለኛዋ ወደ ላይ ስትታይ ልጅ፣ ወደ ታች ስትታይ ወላጅ ትሆናለች። በአባቷ ስትከለከል እናዝንላታለን፤ ልጇን ስትከለክል እንፈርድባታለን። ሰው አንድ ነው፤ የምናየው ከሁለት አቅጣጫ ነው።

ሣቁም ከዚህ ይወለዳል። እናት ልጅን ስለ ጋብቻ ስትጨቀጭቅ የነበረው ተገልብጦ ልጅ ለእናቷ ባል ፈላጊ ትሆናለች። ወንድ ይዞ እንዲያወጣት ትመድባለች፤ አምሽታ ስትመጣ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ፈረንሳዊው ፈላስፋ አንሪ ቤርግሶን በ1900 ስለ ሣቅ በጻፈው መጽሐፉ የሁኔታዎችን መገለባበጥ ከኮሜዲ ዋና ብልሃቶች አንዱ ያደርገዋል። እዚህ ግን መገለባበጡ ለማሳቅ ብቻ አልዋለም። ዊል ጋሬጣ መሆን ምን እንደሚመስል በራሷ ላይ ትማራለች። የምትወደውን ሰው «ለራሷ ጥቅም» ብላ ወደማትፈልገው ሰው መግፋት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታያለች።

የሁለቱ ምስጢሮች አኗኗርም ሊጤን ይገባል። በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ እናት የልጇን ምስጢር በከፊል ታውቃለች፤ ላለማወቅ ግን ወስናለች። ልጅ የእናቷን ምስጢር አታውቅም፤ ለማወቅም አልጠየቀችም። ሁለቱም ያንኑ ቴሌቪዥን እያዩ ያንኑ ምግብ ይበላሉ። ተመልካቹ ይህን ምጸት ከሁለቱም በፊት ያየዋል። እናቲቱ ልጇን የምትረዳበት ቁልፍ በራሷ ማሕፀን ውስጥ ሳለ፣ አውጥታ ልትጠቀምበት አልደፈረችም።

5. ሠርጉና አዳራሹ

የተለመደ ኮሜዲ በሠርግ ያልቃል። «ሴቪንግ ፌስ» ሠርጉን ከመጨረሻው በፊት አምጥቶ ያፈርሰዋል። ህዌ-ላን ለዓመታት ሲወዳት የኖረውን ጨዋና ደግ ሰው፣ ቾን፣ ለአባቷ ፊት ስትል ለማግባት ተስማምታለች። ዊል አንድ ደብዳቤ ይዛ የሠርጉን ሥነሥርዓት ታቋርጣለች። የሕፃኑ አባትና እናቲቱ በእውነት የምትወደው ሰው በዕድሜ ከእሷ እጅግ የሚያንስ ዩ የተባለ ወጣት መሆኑ ይወጣል። እናትና ልጅ ከአዳራሹ ሮጠው አውቶቡስ ይሳፈራሉ።

ፊልም የሚያዘወትር ሰው ይህ ትዕይንት የማይክ ኒኮልስን የ1967 «ዘ ግራጁዌት» እንደሚያስታውስ ይረዳል። በዚያ ፊልም ሙሽራይቱን ነጥቆ በአውቶቡስ የኋላ መቀመጫ ላይ የሚቀመጠው ወጣት አፍቃሪዋ ነው። እዚህ በዚያ መቀመጫ ላይ የተቀመጡት የሠርግ ልብስ የለበሰች እናትና ልጇ ናቸው። ደራሲዋ የታወቀውን የፍቅረኞች ምስል ወስዳ ለእናትና ልጅ ሰጥታዋለች። ከሁለቱ የፍቅር ታሪኮች በላይ የፊልሙ ማዕከል የሆነው የእናትና የልጅ መተያየት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ትዕይንት የለም። አሊስ ዉ ታሪኩን ስትጽፍ እናቷን እያሰበች እንደነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማፍቀር መቼም እንደማይረፍድ ልትነግራት እንደፈለገች መናገሯም ከዚህ ንባብ ጋር ይስማማል።

ሆኖም ለእናቷ ሲሆን በሕዝብ ፊት የደፈረችው ዊል፣ ለራሷ ሲሆን ትፈራለች። በአውሮፕላን ማረፊያው ትዕይንት ቪቪያን ወደ ፓሪስ ልትሄድ ቆማ፣ እዚሁ ሰው በሚያየን ቦታ ሳሚኝ ትላታለች። ዊል አልቻለችም። በዙሪያቸው ያሉት መንገደኞች አያውቋቸውም፤ ነገ አያገኟቸውም። ያም ሆኖ ይሉኝታ ያዛት። ከላይ የይሉኝታ «እነሱ» ስምና ቁጥር የላቸውም ያልነው በዚህ ትዕይንት ይረጋገጣል። ዊልን የሚከለክሏት የፍላሺንግ ባልቴቶች በአካል እዚያ የሉም። በውስጧ ግን አሉ።

የመጨረሻው ትዕይንት ከዚህ አንጻር መነበብ አለበት። ከወራት በኋላ ታሪኩ ወደተጀመረበት የጭፈራ አዳራሽ እንመለሳለን። ዊልና ቪቪያን ሳያውቁ እዚያ እንዲገናኙ ያደረጉት እናቶቻቸው ናቸው። የአጣማጅነት ልማዱ አልተሻረም። ያው እናት፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ዘዴ ልጇን ታጣምራለች፤ የተለወጠው የምታጣምራት ሰው ብቻ ነው። ዊል የአዳራሹን ወለል አቋርጣ ቪቪያንን ለጭፈራ ትጠይቃለች፤ በሁሉም ፊት ይሳሳማሉ። ከተሰበሰቡት አንዳንዶቹ ተቆጥተው ይወጣሉ፤ ሌሎቹ ይቆያሉ፤ ጭፈራው ይቀጥላል።

«ይህ ከእውነት የራቀ ጣፋጭ መጨረሻ ነው» የሚል ትችት ሊነሣ ይችላል። እኔ ግን ጥንቃቄ የታከለበት መጨረሻ ነው እላለሁ። በፍራይ አገላለጽ የኮሜዲ መጨረሻ በተቻለ መጠን ሁሉንም ወደ አዲሱ ማኅበረሰብ ያስገባል። አሊስ ዉ ግን ጥለው የሚወጡትን ሰዎች ካሜራው እንዲያያቸው አድርጋለች። ማኅበረሰቡ ተለወጠ አላለችም፤ ተከፈለ አለች። ሠርግም አላሳየችም። ፊልሙ በተሠራበት ጊዜ በኒውዮርክ ግዛት ሕግ እንዲህ ያለ ጋብቻ አልነበረም፤ የተፈቀደው በ2011 ነው። በታይዋን የተፈቀደው ደግሞ በ2019 ነው። ስለዚህ ጭፈራ የሠርግ ምትክ ሆኖ ቀርቧል። ጭፈራ ውል የለውም፤ ሙዚቃው ሲቆም ያበቃል። የፊልሙ ተስፋም ከዚህ የበለጠ ርዝመት አልተሰጠውም።

6. ቋንቋና የተዋናይ ገጽ

ፊልሙ በእንግሊዝኛና በማንዳሪን ይነገራል። እናቲቱ በአብዛኛው በማንዳሪን ትናገራለች፤ ልጅቱ ሁለቱን ታቀላቅላለች። ይህ የቦታ ቀለም ለመስጠት ብቻ የገባ አይደለም። በሥራ ቦታዋ ቃላት የማያጥራት ሐኪም በእናቷ ቋንቋ ስትናገር ወደ ልጅነት ትመለሳለች። የልጅነት ቋንቋ የመታዘዝ ቋንቋ ነው፤ ስለ ራስ ፍላጎት የሚነገርባቸው ቃላት በውስጡ አልተማረቻቸውም። ወላጆቻቸው በአንድ ቋንቋ የሚቆጧቸው፣ ጓደኞቻቸው በሌላ ቋንቋ የሚያጫውቷቸው በአሜሪካ የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች ይህን ችግር ሳይነገራቸው ይረዱታል።

ዊል በመጨረሻ እውነቱን ለእናቷ ስትናገር፣ እናቲቱ የምትመልሰው ስለ ልጇ ሳይሆን ስለ ራሷ ነው፤ መጥፎ እናት አይደለሁም ትላለች። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የልጅ ኑዛዜ የእናት ክስ ሆነ። ይህ የይሉኝታ ሰዋስው ነው። ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን፣ የሚሰማው «እኔን ምን ይሉኛል» ነው።

የህዌ-ላንን ቦታ የምትጫወተው ጆአን ቸን ናት። በ1987 በቤርናርዶ ቤርቶሉቺ «ዘ ላስት ኢምፐረር» የንጉሠ ነገሥቱን ሚስት ሆና በዓለም የታወቀችው ተዋናይ ናት። በአንድ ትዕይንት እናቲቱ ወደ ቪዲዮ ቤት ገብታ የቻይና ፊልም ትፈልጋለች። በመደርደሪያው ላይ የምታገኘው ያንኑ «ዘ ላስት ኢምፐረር»፣ «ዘ ጆይ ላክ ክለብ» እና ጥቂት የወሲብ ፊልሞችን ነው። ቀልዱ ሁለት ስለት አለው። አንዱ አሜሪካ ለቻይናውያን ሴቶች የሰጠቻቸውን ቦታ ያሳያል፤ ንግሥት፣ አልቃሻ እናት ወይም የወሲብ ዕቃ። ሌላው ደግሞ ተዋናይዋን ከራሷ የቀድሞ ገጽ ጋር ያፋጥጣታል። የፊልሙ ዋና ጉዳይ ያለ ምንም ንግግር፣ በመደርደሪያ ላይ ባሉ ሦስት ዐይነት ካሴቶች ተገለጠ። ቸን የምትጫወትበት መንገድም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ፊቷን ረጋ አድርጋ ይዛ ስሜቱን በዐይኗ ብቻ ታሳልፋለች። ስለዚህ እናቲቱ ስትስቅ፣ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ በር የተከፈተ ይመስላል።

7. የሥራው ጉድለቶች

ፊልሙ እንከን የለሽ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚታየው ጉድለት የቪቪያን ነገር ነው። ቆንጆ፣ ደፋርና ታጋሽ ሆና ቀርባለች፤ ነገር ግን ከድፍረቷ ጀርባ ያለውን አናየውም። በባሌና በዘመናዊ ዳንስ መካከል መወላወሏ የራሷ የሆነ ግጭት ነበር። አባቷ ወደ ባሌው ሲገፋት፣ እሷ ሌላውን ስትወድ፣ የዊልን ጭንቀት የሚመስል ጭንቀት ነበራት። ደራሲዋ ይህን ክር ጀምራ ለዊል ፈተና መሣሪያነት ብቻ ተጠቀመችበት። ከሁለቱ አፍቃሪዎች አንዷ ሙሉ ሰው፣ ሌላዋ ሽልማት ሆነች።

ሁለተኛው ጄይ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤት ነው። እናቲቱ መጀመሪያ በጥርጣሬና በንቀት ታየዋለች፤ ኋላ አብረው የቻይና ተከታታይ ድራማ እያዩ ይላመዳሉ። በዚህም ፊልሙ የተናቀ ማኅበረሰብ ሌላውን ሊንቅ እንደሚችል በሐቅ ያሳያል። ይህ የሚመሰገን ነው። ጄይ ግን የራሱ ቤት፣ የራሱ ፍቅር፣ የራሱ ይሉኝታ የለውም። የመጣው ሌሎቹ እንዲለወጡ ነው።

ሦስተኛው የሴራው መፍቻ ነው። የሕፃኑን አባት ማንነት በደብዳቤ መግለጥ የጥንት ኮሜዲ ዘዴ ነው፤ ነውርም የለበትም። ነገር ግን ወጣቱ ዩ ቀደም ሲል በበቂ ስላልታየ ስንደነቅ እንጂ ስናምን አንገኝም። የእናቲቱ ፍቅር ከልጇ ፍቅር እኩል ክብደት ያለው ጉዳይ ከሆነ፣ አፍቃሪዋም ከአንድ የሴራ መታጠፊያ የበለጠ ቦታ ይገባው ነበር። ቾም ቢሆን ያለ ጥፋቱ በሠርጉ ቀን ሲዋረድ፣ ፊልሙ ስለ እሱ ፊት መጥፋት ብዙ አይጨነቅም። ስለ ፊት የሚያወራ ሥራ የዚህን ሰው ፊት መዘንጋቱ ያስተዛዝባል።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደተሞከረው፣ «ሴቪንግ ፌስ» የተለመደውን የኮሜዲ ሴራ ወስዶ ከልካዩን ተከልካይ፣ አጣማጁን ተጣማሪ በማድረግ ይሉኝታ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍ ይመረምራል። አያት በሴት ልጃቸው ላይ ያደረጉትን፣ እናት በልጇ ላይ ታደርገዋለች፤ ልጅም ዕድል ስታገኝ በእናቷ ላይ ልታደርገው ትሞክራለች። ሰንሰለቱን የሚበጥሰው አንዱ የሌላውን ገመና አይቶ «እኔም ነኝ» ለማለት ሲደፍር ነው።

ኮሜዲ ለዚህ ሥራ የተመቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ትራጄዲ የሚያስፈልገው አንድ ጀግናና አንድ ሞት ነው። ኮሜዲ ግን ማኅበረሰብ ያስፈልገዋል፤ የሚያማ፣ የሚያገባ፣ የሚያስጨፍር፣ ተቆጥቶ የሚወጣ ማኅበረሰብ። ይሉኝታም ያለ እነዚህ ሰዎች አይኖርም። ስለዚህ ይሉኝታን ከሥሩ ሊያሳየን የሚችለው ዘውግ፣ ሰዎቹን ሁሉ በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ማን እንደሚቆይና ማን እንደሚወጣ የሚያሳየን ነው።

የፊልሙ የመጨረሻ ቀልድ በማጠናቀቂያው ጽሑፍ መካከል የሚመጣ ነው። እናቲቱ ልጇን እንግዲህ መቼ ነው የምትወልዱልን ብላ ትጠይቃታለች፤ ዊል የምትጠጣውን ትተፋለች። ተመልካች ይስቃል። ከሣቁ በኋላ ግን አንድ ነገር ልብ ይላል። ጭቅጨቃው አላቆመም፤ ወላጅ አሁንም በልጁ ሕይወት ውስጥ ገብቷል፤ «እነሱ» አሁንም ይላሉ። ነገሩ ሁሉ እንደ ቀድሞው ነው። የተለወጠው ዊል እናቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ምንም ሳትደብቅ መጠየቋ ብቻ ነው።